ዛሬ ነገ ማለትና በራስ መተማመን

ልጁን ወደ ዩኒቨርሲቲ የላከ ወላጅ ሁሉ ሊያውቀው የሚገባ አንድ ነገር አለ። ይኸውም የከፍተኛ ትምህርት ዋናው ክፍል ተማሪው ከመምህሩ ፊት ከተነሣ በኋላ ብቻውን በቤተ መጻሕፍት ተቀምጦ የሚሠራው መሆኑ ነው። በታችኛው ትምህርት ቤት ሳለ ደወሉ ይጠራው፣ መምህሩ ደብተሩን ይመለከትለት፣ እናቱም «አጠናህ ወይ?» ትለው ነበር። በዩኒቨርሲቲ ግን ሰዓቱን የሚከፍለውም የሚቈጣጠረውም እርሱ ራሱ ነው። ዛሬ ነገ የማለት ልማድ የሚገባውም በዚሁ በር ነው።

ብዙ ሰው ይህን ልማድ ስንፍና ነው ብሎ ይፈርድበታል። ሰነፍ ግን ሥራውን ትቶ ያለ ሐሳብ ይተኛል፤ ዛሬ ነገ የሚል ተማሪ ግን መጽሐፉን እየገለጠ ይከድናል፣ ሌሊቱንም በጭንቀት ያድራል። ብዙ ጊዜ ይህን የሚያደርገው «አልችለው ይሆናል» ብሎ ስለሚፈራ ነው። ያልተጀመረ ሥራ አለመቻልን አይገልጥምና መዘግየቱ ለጊዜው መሸሸጊያ ይሆነዋል።

በአሜሪካ በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ያስተማረው የሥነ ልቡና ሊቅ አልበርት ባንዱራ፣ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1977 ዓ.ም. ባወጣው ጽሑፍ የዚህን እምነት ምንጮች አራት አድርጎ ቈጥሯል፤ እነርሱም ራስ ሠርቶ መፈጸም፣ እኩያ ሲፈጽም ማየት፣ የሌላ ሰው ማበረታቻና የሰውነት ሁኔታ ናቸው። ከሁሉ የሚበረታው ሠርቶ መፈጸም ነው። የካናዳው ተመራማሪ ፒርስ ስቲልም በ2007 ዓ.ም. ብዙ ጥናቶችን ሰብስቦ ሲመረምር፣ እችላለሁ የማይል ሰው ሥራውን ወደ ማዘግየት አብልጦ እንደሚያዘነብል አገኘ።

እንግዲህ «መጀመሪያ ድፍረት ላግኝ፣ ከዚያ በኋላ እጀምራለሁ» ማለት ነገሩን ገልብጦ መያዝ ነው፤ ልበ ሙሉነት የሥራ ዋጋ ነውና ከሥራው በፊት አይከፈልም። ሃያ ገጽ እንዲጽፍ የታዘዘ ተማሪ ዛሬ አንዱን ገጽ ብቻ ይጻፍ፤ የሚሠራበትን ሰዓትና ስፍራ አስቀድሞ ይወስን። ያልገባውንም መምህሩን ወይም ጓደኛውን ይጠይቅ፤ ብቻውን ማጥናት ማለት ሳይጠይቁ መቅረት አይደለምና።

ወላጆችም በስልክ «ዛሬም አልጨረስህም?» ብሎ መቈጣትን፣ «የእገሌ ልጅ ተመረቀ» እያሉ ማወዳደርንም ይተዉ። «ዛሬ የትኛውን ጀመርህ?» ብለው ይጠይቁ፤ የፈጸመውንም ጥቂት ነገር ለይተው ያመስግኑለት። ቀስ በቀስ ዕንቁላል በእግሩ ይሄዳል መባሉ ለዚህ ነው።