ስለ ቀደሙት ፊልሞቻችን መሰወር

የአገራችን ፊልም ሠሪዎች የሚሸለሙበት መድረክ «ጉማ» ተብሎ ሲሰየም፣ ስሙን የወሰደው ሚሼል ፓፓታኪስ በዘውዱ ዘመን ማብቂያ ላይ ስለ ካሳና ደም ማድረቅ ሥርዓት ከሠራው ፊልም እንደ ሆነ በሙያው ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ያውቃል። ስሙ በመብራትና በጭብጨባ መካከል እንዲህ ከፍ ብሎ ይጠራ እንጂ፣ ሽልማቱን ከተቀበሉት ወጣቶች ስንቶቹ ያንን ፊልም ከመነሻው እስከ መድረሻው ተቀምጠው አይተውታል ተብሎ ቢጠየቅ፣ መልሱ የሚያስደስት አይመስለኝም። ይህን የምለው ወጣቶቹን ለመንቀፍ አይደለም፤ ሊያዩት ቢሹ የሚያገኙበት ስፍራ ያልተዘጋጀላቸው ሰዎች ለምን አላያችሁም ተብለው ሊወቀሱ አይገባም። ወቀሳው የሚገባን የሥራውን ስም እያከበርን ሥራውን ራሱን በጨለማ ያኖርነው እኛ ነን።

በኢትዮጵያ የተንቀሳቃሽ ሥዕል ታሪክ 1957 ዓ.ም. የተለየ ዓመት ነበር። በጥቅምት ወር የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥርጭቱን ጀመረ፤ እላላ ኢብሳ የደረሰውና ግሪካዊው ላምብሮስ ዮካሪስ ያዘጋጀው፣ በ35 ሚሊ ሜትር ጥቁርና ነጭ ፊልም የተነሣው «ሂሩት አባቷ ማነው?» ለሕዝብ የቀረበውም በዚያው ዘመን ነው፤ የመጀመሪያው ረጅም የኢትዮጵያ ልብ ወለድ ፊልም ተብሎ እስከ ዛሬ የሚጠቀሰውም እርሱ ነው። እንግዲህ ፊልማችንና ቴሌቪዥናችን እኩያሞች ናቸው፤ ይሁንና አንድ ላይ ተወልደው አንድ ላይ አላደጉም። ቴሌቪዥኑ ከጥቁርና ነጭ ወደ ቀለም፣ ከአንድ ጣቢያ ወደ ብዙ ጣቢያ፣ ከምድር ማሠራጫ ወደ ሳተላይት ሲሸጋገር፣ ፊልሙ ከምን ደረሰ ብሎ የሚጠይቅለት አጣ። ዛሬ ሌሊትና ቀን የማያቋርጡ የአማርኛ ጣቢያዎች አሉን፤ ከቱርክ የመጣ ተከታታይ ድራማም በአማርኛ ድምፅ እየተሰማ በየሳሎኑ ይታያል። ይህን አልጠላም፤ ሕዝብ የወደደውን ማየቱ ነውር የለበትም። ነገር ግን ያን ሁሉ ሰዓት የሚሞላ ጣቢያ፣ ለቀደሙት የአገሩ ፊልሞች በሳምንት አንዲት የታወቀች ሰዓት መለየት ለምን እንደሚከብደው ልረዳው አልቻልኩም።

ብዙ ጊዜ የሚሰማው ምክንያት ገንዘብ የለም የሚል ነው። ገንዘብ ማነሱ እውነት ነው፤ የበረታው መሰናክል ግን ባለቤቱ ማን እንደ ሆነ በግልጥ አለመታወቁ ይመስለኛል። በዘውዱ ዘመን ፊልም በግለሰቦች ድፍረትና በብድር ገንዘብ ይሠራ ነበር፤ በደርግ ዘመን ሥራው ወደ መንግሥት የፊልም ማእከል፣ ኋላም ወደ ፊልም ኮርፖሬሽን ዞረ፤ ሰሎሞን በቀለ ወያ ያዘጋጀው «አስቴር» የተባለው ፊልምም የዚያ ዘመን ማብቂያ ፍሬ ነው። ከመንግሥት ለውጥ በኋላ ኮርፖሬሽኑ ራሱ ፈረሰ። መሥሪያ ቤት ሲፈርስ ወንበሩና ጠረጴዛው በዝርዝር ተቆጥሮ ርክክብ ይፈረምበታል፤ በቆርቆሮ ዕቃ የተቀመጠ ፊልም ግን የማሳየት መብቱ ለማን እንደ ተላለፈ በዚያ ዝርዝር ውስጥ ተጽፎ ማግኘት አስቸጋሪ ነው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410 ለደራሲውና ለአሠሪው የሚገባውን ክብር ሰጥቷል፤ መልካም አደረገ። ሆኖም ፈቃድ የሚሰጠው ሰው በሞት የተለየ፣ ወራሾቹም በየአገሩ የተበተኑ እንደ ሆነ፣ የጣቢያው ሥራ አስኪያጅ ነገ ክስ ይመጣብኛል ብሎ ስለሚፈራ፣ ፊልሙ ባለበት ይቀራል። በሠለጠነው ዓለም ሳይቀር ለሲኒማ ቤት ብቻ ተብሎ በተገዛ የሙዚቃ ፈቃድ የተነሣ፣ ወይም ውሉ ሲጻፍ ኢንተርኔት የሚባል ነገር ስላልነበረ፣ ከመጋዘን መውጣት ያልቻሉ ፊልሞች ሞልተዋል።

ሰዎቹ ሲከራከሩ ግን ፊልሙ አይጠብቅም። የአንድ ሰዓት ተኩል ፊልም በሰከንድ 24 ሥዕል ሲቆጠር 129,600 ሥዕሎች አሉት፤ በ35 ሚሊ ሜትር ቢዘረጋ ርዝመቱ ሁለት ኪሎ ሜትር ተኩል ያህል ይሆናል። ይህ ሁሉ ያረፈው ከአሴቴት በተሠራ ስስ ጥብጣብ ላይ ነው፤ አሴቴትም ሙቀትና እርጥበት ሲያገኘው ከውስጡ አሲድ ማፍለቅ ይጀምራል። የቆርቆሮውን ክዳን የከፈተ ሰው መጀመሪያ የሚያገኘው የኮምጣጤ ሽታ ነው፤ ዐይን ገና ምንም ጉዳት ሳያይ አፍንጫ ያውቀዋል። ከዚያ ጥብጣቡ ይኮማተራል፣ ጠርዙ ይጣመማል፣ ሥዕሉን የያዘው ልባስ ከሥሩ እየተላቀቀ ይሸበሸባል፤ በጠርዙ የተደረደሩት ቀዳዳዎች ከማጫወቻው ጥርስ ጋር መገጣጠም ያቅታቸዋል። የከፋው ነገር ከአንዱ ጥቅል የወጣው ትነት አጠገቡ ያለውን ደኅና ጥቅል ማበላሸቱ ነው። የአዲስ አበባ ብርድ ለዚህ መድኃኒት ሊሆን ይችል ነበር፤ የክረምቱ እርጥበት ግን በሰኔ የተዘጋ ክፍል በመስከረም ሲከፈት በሽታውን አባብሶት ይገኛል።

አበው ይህን ዐይነቱን ነገር በሚገባ ያውቁት ነበር። ብራናም ያረጃል፤ አይጥ ይበላዋል፣ ዝናብ ይመታዋል፣ እሳት ይደርስበታል። መጽሐፈ ሄኖክ በጥንት ዘመን በብዙ ሕዝብ እጅ የነበረ መጽሐፍ ሆኖ ሳለ፣ በሌሎች ልሳናት ቁርጥራጩ ብቻ ሲተርፍ በግእዝ ግን ምሉዕ ሆኖ ቆይቶ፣ በ18ኛው መቶ ዓመት ጄምስ ብሩስ ቅጂዎቹን ይዞ ሲመለስ የአውሮፓ ሊቃውንት የጠፋ ይሉት የነበረውን መጽሐፍ አገኙት። ለዚህ ያበቃው ተቆልፎበት መኖሩ አይደለም። በቅዱሳት መጻሕፍት ቁጥር ገብቶ ይነበብ ስለ ነበረ፣ ስለሚነበብም አሮጌው ብራና ሲያልቅ ቁም ጸሐፊው በአዲስ ብራና ላይ ስለሚገለብጠው፣ አንዱ ደብር ሲቃጠል ሌላው ደብር ያለው ቅጂ ስለሚተርፍ ነው። መጽሐፉን ያቆየው ንባቡ ነው፤ ማንም የማያነበው መጽሐፍ ቢሆን ኖሮ ማንም ሊገለብጠው ባልደከመ ነበር። ፊልምም እንደዚሁ በመታየቱ የሚኖር ነገር መሆኑን አጥብቄ አምናለሁ፤ መጀመሪያ እናድነውና በኋላ እናሳየዋለን የሚለው አሳብ ቅደም ተከተሉን የገለበጠ ይመስለኛል፤ ሕዝብ ያላየውንና ያላፈቀረውን ነገር ለማዳን በጀት የሚፈቅድ ሹም አይገኝምና።

በዚህ ስፍራ አንድ የሚያሳዝን ነገር ትዝ ይለኛል። በ1960ዎቹ አጋማሽ የኢትዮጵያ የብራና መጻሕፍት በማይክሮፊልም የሚነሡበት ታላቅ ሥራ ተጀምሮ፣ በየገዳሙና በየደብሩ የነበሩ 9,000 ያህል መጻሕፍት ተቀዱ፤ አንዱ ቅጂ በአዲስ አበባ ሲቀር ሌላው በአሜሪካ በሚኒሶታ ግዛት ኮሌጅቪል በሚገኘው የቅዱስ ዮሐንስ ገዳም ቤተ መጻሕፍት ተቀመጠ፤ ከዚያም ወዲህ የመጣ ተመራማሪ ሁሉ ከዚህ ሀብት ይቀዳል። እንግዲህ ፊልም የብራና ጠባቂ ሆኖ ተሾመ፤ በዚያው ዘመን የተሠሩት የአገራችን ፊልሞች ግን ለራሳቸው እንዲህ ያለ ጠባቂ አላገኙም።

ጥፋቱ የእኛ ብቻ አይደለም። በአሜሪካ ከ1912 እስከ 1929 እ.ኤ.አ. ከተሠሩት ወደ 11,000 የሚጠጉ ድምፅ አልባ ረጃጅም ፊልሞች በመጀመሪያ መልካቸው የተረፉት 14 በመቶ ብቻ መሆናቸውን የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ያስጠናው ጥናት አሳይቷል። ፍሪትዝ ላንግ በጀርመን የሠራው «ሜትሮፖሊስ» ደግሞ ከተቆራረጠ ከ80 ዓመት በኋላ፣ በ2008 እ.ኤ.አ. የጎደለው ክፍል በአርጀንቲና ዋና ከተማ በቦነስ አይረስ ሙዚየም ውስጥ ተገኘ፤ የተገኘውም የተጫረና የደበዘዘ ባለ 16 ሚሊ ሜትር ቅጂ ነበር። በርሊን ያጣችውን ያን ክፍል ያተረፈላት፣ ፊልሙ በቀድሞው ዘመን ተጭኖ በሩቅ አገር መታየቱ ነው።

ከእኛ ወገን ለዚህ ምስክር የሚሆነው የኃይሌ ገሪማ ሥራ ነው። ጎንደር ተወልዶ በአሜሪካ የፊልም ትምህርት ይማር የነበረው ይህ ሰው፣ የዘውዱ ሥርዓት በሚናወጥበት በ1966 ዓ.ም. ወደ አገሩ መጥቶ «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» የተሰኘውን ፊልም በ16 ሚሊ ሜትር ጥቁርና ነጭ በሁለት ሳምንት ውስጥ አነሣ። ፊልሙን ያየ ሰው፣ ባለርስቱ ከፍ ካለ ስፍራ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ጭሰኞቹን ቁልቁል ሲዘልፍ፣ ገበሬው ደግሞ አንገቱን ደፍቶ ሞፈሩን ሲገፋ የሚያሳየውን ያን ረጅምና ዝግ ያለ ትእይንት አይረሳውም፤ የጌታዋን ላም ከጎርፍ ለማዳን ገብታ የቀረችውንም እረኛ ልጅ እንዲሁ። ተዋንያኑ የሚለብሱት፣ የሚራመዱበት፣ ሰላምታ የሚሰጣጡበት አኳኋን፣ የአማርኛቸው ለዛና ቁጣ፣ ከየካቲቱ አብዮት በፊት ስለ ነበረው የገጠር ኑሮ የታሪክ መጽሐፍ የማይነግረንን ይነግረናል። በሎካርኖ የፊልም በዓል የተሸለመው ይህ ሥራ በ1998 ዓ.ም. ታድሶ እንደ ገና ለዓለም የቀረበው ግን በጣሊያን አገር በቦሎኛ ባለሙያዎች እጅ ነው። የቦሎኛን ሰዎች ከልቤ አመሰግናለሁ፤ የኢትዮጵያን ገበሬ ፊት ከጭረትና ከአቧራ እያጸዱ ወደ ብርሃን ለመለሱት እጆች ምስጋና ይገባል። ይህ ሥራ በአዲስ አበባ ሊሠራ የሚችልበት አንድ ክፍልና ጥቂት የሠለጠኑ ወጣቶች እንዲኖሩን መመኘት ደግሞ ከምስጋናው ጋር አብሮ የሚሄድ ነው።

የዚሁ ሰው «ሳንኮፋ» ታሪክም ይህንኑ ያስረዳል። በ1993 እ.ኤ.አ. የተፈጸመውን ይህን የባርነት ዘመን ፊልም የአሜሪካ አከፋፋዮች አንወስድም ባሉት ጊዜ፣ ኃይሌና ባለቤቱ ሽሪክያና አይና ሲኒማ ቤት እየተከራዩ ከከተማ ወደ ከተማ ለጥቁሩ ሕዝብ ራሳቸው አሳዩት፤ በዋሽንግተንም ከሐዋርድ ዩኒቨርሲቲ ፊት ለፊት በዚሁ ስም የመጽሐፍና የፊልም መደብር ከፈቱ፤ በዚያ አካባቢ የሚኖሩ ብዙ ኢትዮጵያውያንም ያውቁታል። ከ28 ዓመት በኋላ በ2021 እ.ኤ.አ. ፊልሙ ታድሶ በኔትፍሊክስ የወጣው፣ ባለመብቱ የታወቀ፣ ተመልካቹም የሚጠብቀው ሥራ ስለ ነበረ ነው። ይህን ዕድል ያገኘው በሠሪው ጽናት ነው፤ ለእያንዳንዱ ፊልም እንዲህ ያለ ጽኑ አባት እስኪገኝ መጠበቅ ግን በሌሎቹ ላይ መፍረድ ነው።

አንዳንዶች «አሮጌ ፊልም ማን ያየዋል? ድምፁ አይሰማ፣ ሥዕሉ የደበዘዘ» ይላሉ። ለመመለስ የማያስቸግር ጥያቄ ነው፤ በውጭ አገር ያሉ ወገኖቻችን ከካሴት የተቀዳ፣ ቀለሙ የፈዘዘ የድሮ የቴሌቪዥን ድራማ በዩቲዩብ ሲያገኙ ምን ያህል እንደሚቀባበሉት፣ በሥሩም የተዋናዩን ስምና የቀረጻውን ሰፈር እያነሡ ምን ያህል እንደሚጫወቱ ያየ ሁሉ ተመልካች የለም አይልም። ያልተለየው ሰዓቱና ስፍራው ነው እንጂ ተመልካቹስ አለ።

ስለዚህ ከሕዝብ ግብር የሚተዳደረው ቴሌቪዥን ቀዳሚውን እርምጃ እንዲወስድ እለምናለሁ። ከመጋዘኑ ውስጥ ያለውን ይመርምር፤ ባለመብቱ የታወቀውን ተስማምቶና ከፍሎ ያሳይ፤ ባለመብቱ ያልታወቀውን ደግሞ በጋዜጣና በራሱ ማያ ገጽ ጥሪ አድርጎ፣ ወራሽ ኋላ ቢመጣ የሚከፈለውን ገንዘብ በአደራ አስቀምጦ የሚያሳይበትን መንገድ ሕግ አውጪው ይክፈትለት። ወመዘክር ከ1936 ዓ.ም. ጀምሮ የአገሪቱን መጻሕፍት ሲሰበስብ የኖረ ቤት ነው፤ ደራሲና አታሚ የመጽሐፋቸውን ቅጂ ለዚህ ቤት እንደሚያስገቡ ሁሉ፣ ፊልም ሠሪም ሥራው ለሕዝብ በታየ ጊዜ ያልተጨመቀ ንጹሕ ቅጂ የሚያስገባበት የጸና ሥርዓት ሊተከል ይገባል። ይህ በተለይ ለቅርቦቹ ፊልሞች አስቸኳይ ነው። እንደ «ቀዝቃዛ ወላፈን» ያሉት ሥራዎች በ1990ዎቹ በቪዲዮ ካሜራ ተሠርተው ሲኒማ ቤቶችን በሰልፍ ያጥለቀለቁበት ዘመን ገና ትናንት ይመስለናል፤ የዚያ ዘመን ካሴት ግን ከፊልም ጥብጣብ ይልቅ ዕድሜው አጭር ነው፤ የሚያነበው መሣሪያም ከገበያ ጠፍቷል፤ ከካሴት ወደ ኮምፒዩተር ተገልብጦ የነበረውም በአንድ ሃርድ ዲስክ ላይ ብቻ ቀርቶ፣ ዲስኩ አልነሣ ያለ ዕለት አብሮ ይሄዳል።

በዕድሜ የገፉትን ባለሙያዎች በሚመለከት አንድ ነገር ልጨምር። በእነዚያ ፊልሞች ላይ ካሜራ ያነሡ፣ መብራት የያዙ፣ በአንዲት ትእይንት ብቻ ብቅ ብለው ያለፉ ሰዎች ዛሬም አንዳንዶቹ በሕይወት አሉ፤ ይህቺ ሴት ማን ናት፣ ይህ ግቢ የማን ነበር፣ ይህ ክፍል ለምን ተቆረጠ ተብለው ቢጠየቁ የሚመልሱት እነርሱ ብቻ ናቸው። የታደሰ ፊልም ያለ እነርሱ ምስክርነት ግማሽ ዕውቀት ነው፤ ስለዚህ ጣቢያው ፊልሙን ባሳየ ቁጥር ከመካከላቸው አንዱን ጠርቶ ግማሽ ሰዓት ቢያወያይ፣ ሌላ ታላቅ መዝገብ ያለ ብዙ ወጪ ይሰበሰባል።

በቤቱ የቆርቆሮ ጥቅል ወይም የቆየ ካሴት ያለው ሰው ደግሞ፣ የሚረከብ ባለሙያ እስኪገኝ ድረስ፣ ከወለል ከፍ አድርጎ በቀዝቃዛና በደረቅ ስፍራ ያስቀምጠው፤ የኮምጣጤ ሽታ ያለውን ከሌላው ይለየው፤ ሽፋኑ ላይ ያለውን ጽሑፍ ሳይፍቅ በሌላ ወረቀት ይገልብጠው፤ ምን እንዳለበት ለማወቅ ቢጓጓም ማጫወቻ ላይ አይጫነው፤ የተኮማተረ ጥብጣብ በማጫወቻ ጥርስ ሲያዝ ይበጠሳልና።