ገንዳው ላይ የቆመው ጋጋኖ

ቅዳሜ ጠዋት ነው፤ ሜልበርን፣ ፉትስክሬይ ገበያ አጠገብ። አንድ ጉልበቴን መሬት ላይ አሳርፌ ካሜራዬን ወደ ቆሻሻ ገንዳ አነጣጥሬያለሁ። ክዳኑ ላይ ነጭ ወፍ ቆሟል። ራሱ ላባ የለውም፣ ጥቁር ነው፤ ምንቃሩ ረጅምና እንደ ማጭድ የቆለመመ። ነጠላ የለበሱ አንዲት እናት ዘንቢላቸውን እንደያዙ አጠገቤ ቆም አሉና፣ «ልጄ፣ ስንት የሚያምር ወፍ ባለበት አገር ይሄን የቆሻሻ ወፍ ምን ብለህ ታነሳዋለህ?» አሉኝ።

በቃል ከመመለስ ፎቶውን አሳየኋቸው። ወፉ ክንፉን ሲዘረጋ የያዝኩት ነው፤ ከክንፉ ሥር ያለው ራቁት ቆዳ፣ በመራቢያው ወራት እንደሚሆነው ሁሉ፣ በርበሬ መስሎ ቀልቷል። ዐይናቸውን ጠበብ አድርገው ትንሽ አዩትና «ይሄንንማ ዝዋይ ሐይቅ ዳር አውቀዋለሁ!» አሉ።

ከእውነቱ ብዙም አልራቁም። ዝዋይ ዳር የሚያውቁት ጋጋኖ የዚህኛው የቅርብ ዘመድ ነው፤ ሊቃውንቱም ለረጅም ጊዜ ሁለቱን እንደ አንድ ዝርያ ሲቆጥሯቸው ኖረዋል። የዝዋዩ ሳይንሳዊ ስም የአገራችንን ስም ይዟል፤ «ትሬስኪዮርኒስ ኤቲዮፒከስ» ይባላል። የጥንት ግብፆች ከአማልክታቸው አንዱን በዚያ ወፍ ራስ ይሥሉ ነበር። የአውስትራሊያው ዘመዱ ግን «የገንዳ ዶሮ» የሚል ቅጽል ስም ወጥቶለት፣ ከሰው ምሳ ላይ ዳቦ የሚነጥቅ ቀማኛ ተብሎ ይኖራል።

ከተማ የገባው ግን ወዶ አይደለም። የጥንት መኖሪያው በመሀል አገር ያለው ረግረግ ነበር፤ በኒው ሳውዝ ዌልስ ያለውን ማኳሪን የመሰለ ሰፊ ረግረግ። ወንዞቹ ለመስኖ ሲጠለፉና ድርቁ ሲደጋገም መራቢያው ጠፋ። እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ ወዲህ ወደ ባሕር ዳርቻዎቹ ከተሞች በብዛት ገባ፤ ጭቃ ውስጥ ምግቡን ሊፈልግበት የተሰጠውን ምንቃር ገንዳ ውስጥ ይሰድደው ጀመር። ቤቱ ደርቆበት የመጣን ፍጡር ቆሻሻ ብሎ መስደብ ለእኔ ከባድ ነው። ከአገራቸው ርቀው ፉትስክሬይ ላይ ኑሮ የጀመሩ ሰዎች ይህን ለመረዳት ብዙ ማብራሪያ አይፈልጉም።

እዚህ አገር እንግዳ ሲመጣብን ሁላችንም የምናደርገው አንድ ነው፤ መኪና አስነስተን ካንጋሮና ኮዋላ ልናሳይ እንሄዳለን። ፎቶው ያምራል፣ ለዘመድ ይላካል፣ በዚያው ይረሳል። ካሜራ ግን ከሁሉ በላይ የሚጠቅመው ቤታችን ደጃፍ ላይ ነው ብዬ አምናለሁ። በየቀኑ የምናየውን እንስሳ ደግመን ደጋግመን ስናነሳው ጠባዩን እናውቃለን፤ ማንም ያላየውን ነገር የምናይበት ጊዜም ይመጣል። የእኛው ጋጋኖ ራሱ ምስክር ነው። እ.ኤ.አ. በ1935 ከውጭ ገብቶ የአገሩን እንስሳት በመርዙ የፈጀ እንቁራሪት አለ። ጋጋኖ ይህን እንቁራሪት በምንቃሩ ይዞ እያራገፈ መርዙን ያስተፋዋል፤ ከዚያ ውኃ ውስጥ አጥቦ ይውጠዋል። ይህን አይተው ፎቶና ቪዲዮ የላኩት በየሠፈሩ የሚኖሩ ተራ ሰዎች ናቸው።

ሌላም አለ። በደቡብ አውስትራሊያ፣ ማውንት ጋምቢየር አካባቢ፣ አንዲት ሴት ከሩዝ ፍሬ የማትበልጥ ሸረሪት ፎቶ አንስታ ፌስቡክ ላይ አወጣች። ፊቷ ብርቱካናማ፣ በላዩም ነጭ መስመር ያለበት። ፎቶውን ያዩት የሸረሪት አጥኚ ጆሴፍ ሹበርት እ.ኤ.አ. በ2021 ለሳይንስ አዲስ ዝርያ መሆኗን አሳወቁ፤ በአንድ የካርቱን ፊልም ውስጥ ባለ ዓሣ ስም «ማራተስ ኔሞ» ተባለች።

ውድ ዕቃም የግድ አይደለም። ለምሳሌ ሰማያዊ ቀለበት ያላትን የአገሩን ንብ ውሰዱ። ይህች ንብ ቀፎ የላትም፤ እንስቷ ለብቻዋ አፈር ውስጥ ጎጆዋን ትቆፍራለች፤ ወንዶቹ ደግሞ ሲመሽ ቀጭን የሣር ዘንግ በመንጋጋቸው ነክሰው፣ እንደ ዶቃ ተደርድረው ያድራሉ። ጥር ላይ ፀሐይ ሳትወጣ ሄጄ ስልኬን አንድ ስንዝር ድረስ አስጠጋሁባቸው። አልተንቀሳቀሱም። ጤዛው ጀርባቸው ላይ ካለው ፀጉር ጫፍ ተንጠልጥሏል፤ የሆዳቸው ቀለበት ስልኬን ትንሽ ሳዘነብል ከሰማያዊ ወደ አረንጓዴ ይዞራል። ፀሐይዋ ስትነካቸው የመጀመሪያው የፊት እግሩን አንሥቶ ዐይኑን ጠረገ፣ ክንፉን አንቀጠቀጠ፣ ሄደ። እንስቶቹ በእንዲህ ያለ ንዝረት ነው የቲማቲም አበባ ውስጥ የተቆለፈውን ብናኝ አራግፈው የሚያወጡት።

አንድ ነገር ግን አጥብቄ እቃወማለሁ፤ ለፎቶ ሲባል እንስሳን ማስጨነቅ። ፍሮግማውዝ የሚባል በሌሊት የሚያድን ወፍ አለ፤ ቀን ቀን የግንድ ቅርፊት መስሎ ቅርንጫፍ ላይ ይቀመጣል። ሰው ሲጠጋው ሰውነቱን አቅጥኖ ወደ ላይ ይመዘዛል፣ ዐይኑን ይጨፍናል፣ ልክ እንደ ተሰበረ ቅርንጫፍ ይሆናል። ብዙ ሰው ምርጥ ፎቶ የሚለው ይህንን ነው። እኔ ግን እንዲህ ሲሆን ካየሁ ወደ ኋላ እመለሳለሁ፤ ያ አቋም ፍርሃት ነውና። ጎጆ ያለውን ወፍ ድምፁን በስልክ እያጫወቱ መጥራትም እንደዚሁ ነው፤ ባላንጣ የመጣበት መስሎት እንቁላሉን ጥሎ ይወጣል። ዳቦ እየወረወሩ ማስጠጋቱም ይቅር።

እዚህ አገር ፀደይ የሚገባው እኛ እንቁጣጣሽን በምናከብርበት ሰሞን ነው። ማግፓይ የተባለው ወፍ ጎጆውን ለመጠበቅ መንገደኛ የሚያሳድደው፣ ባለ ቀስተ ደመናው በቀቀን አበባ ላይ የሚንጫጫው ያኔ ነው። በርድላይፍ አውስትራሊያ የተባለው የአእዋፍ ማኅበርም እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ በየዓመቱ ጥቅምት ላይ፣ በፈረንጆቹ ኦክቶበር፣ ሕዝቡ 20 ደቂቃ ተቀምጦ በአካባቢው ያያቸውን ወፎች እንዲቆጥር ይጠራል። አውስትራሊያ ያላችሁ አንባቢዎቼ፣ ዘንድሮ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ግቢያችሁ ወይም በአቅራቢያችሁ ያለ መናፈሻ ውስጥ ተቀመጡ። ስልካችሁን አውጡ፣ አንሱ፣ ቁጠሩ። ገንዳው ላይ የቆመውንም አትዝለሉት።