ከሳጥኑ በፊት ጉድጓዱ

ኦሮራ፣ ኮሎራዶ የሚኖረው የእህቴ ልጅ የሜክሲኮ ታራንቱላ ያሳድጋል፤ ጥቁር ሆና ጉልበቶቿ ላይ ብርቱካናማ ቀለም ያለባት። እንግዳ በመጣ ቁጥር ከድንጋጤው ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ አንድ ነው፦ «እንዲህ ባለች ጠባብ ሳጥን ውስጥ መዝጋት ግፍ አይደለም?» ጥያቄው ከርኅራኄ የመጣ ስለሆነ ደስ ይለኛል። ግን የሸረሪቷን ችግር ያለቦታው ይፈልገዋል።

ባርባራ ዮርክ ሜይን የተባሉ ተመራማሪ በ1974 በምዕራብ አውስትራሊያ ጉድጓዳቸውን በክዳን የሚዘጉ ሸረሪቶችን መከታተል ጀመሩ፤ ሸረሪቶቹ የታራንቱላ የሩቅ ዘመዶች ናቸው። ከእነሱ አንዷ፣ መለያዋ ቁጥር 16 የሆነችው፣ 43 ዓመት በዚያችው በአንዲት ጉድጓድ ኖራለች። የሴት ታራንቱላም ጠባይ ከዚህ ብዙ አይርቅም። ከጉድጓዷ አፍ ሳትርቅ ታድናለች፣ መልሳ ትገባለች። ስለዚህ ሳጥን ውስጥ የሚጎድላት ስፋት አይደለም፤ የምትቆፍረው አፈር፣ ጨለማና እረፍት ነው።

ረጅም የመስታወት ሳጥን ገዝቶ ከሥሩ ስስ አፈር የሚያለብስ ሰው ሳያውቀው ገደል እያዘጋጀላት ነው። መሬት ላይ የምትኖር ታራንቱላ ሆዷ ስስ ስለሆነ ከትንሽ ከፍታ ብትወድቅ እንኳ ሊፈነዳ ይችላል። እጅ ላይ እያስኬዱ ፎቶ መነሣትንም የምጠላው ለዚሁ ነው። የሜክሲኮዋ ንክሻ ብዙውን ጊዜ ከንብ ንድፊያ አይብስም፤ አደጋው ለእሷ ነው።

ስምንት ዓይን ቢኖራትም አጥርታ አታይም። ዓለምን የምታውቀው በእግሯ በሚሰማት ንዝረት ነው። ልጆች መስታወቱን ሲያንኳኩ እሷ የሚሰማት አንድ ትልቅ ነገር ደጇ መድረሱ ነው። ያኔ በኋላ እግሯ የሆዷን ፀጉር ጠርጋ ትበትነዋለች፤ በዱር የአዳኝን ዓይንና አፍንጫ የምትለበልብበት መከላከያዋ ነውና። (የእኛ የአፍሪካዎቹ ይህ ፀጉር የላቸውም፤ መከላከያቸው ንክሻ ነው፣ እሱም ክፉኛ ያማል።) ሆዷ ላይ መላጣ ያየ ሰው በሽታ ፍለጋ ከመሄዱ በፊት ማን እያስፈራራት እንደሆነ ይጠይቅ።

አንድ ጠዋት በጀርባዋ ተንጋላ፣ እግሮቿን ሰቅላ ተገኘች። እህቴ «በል ሞታልሃለች፣ አውጣልኝ» አለችው። «ኧረ እማዬ፣ አትንኪያት! ቅርፊቷን እየቀየረች ነው» አላት። እውነቱን ነው። የሸረሪትን እግር የሚዘረጋው በሰውነቷ ውስጥ ያለው ፈሳሽ ግፊት ስለሆነ፣ የሞተች ታራንቱላ ግፊቱ ሲቋረጥ እግሮቿ ከሥሯ ታጥፈው ትኮማተራለች። ይቺ ግን እግሯን ዘርግታለች። ቁጭ ብለን አየናት። የጀርባዋ ቅርፊት እንደ ክዳን ተከፈተ፤ ከዚያ እግሮቿን ከአሮጌው ቅርፊት ቀስ እያለች፣ እያረፈች መዘዘች። አዲሶቹ መንከሻዎቿ ነጭ ነበሩ፤ እስኪጠነክሩና እስኪጠቁሩ ድረስ አትበላም። በእነዚያ ቀናት ሳጥኑ ውስጥ የተረሳች አንዲት ፌንጣ እንኳ ለስላሳ ገላዋን ልትነክሰው ትችላለች።

ይቺ ሸረሪት ሰው ቤት የተፈለፈለች ናት፤ ለእኔ ትልቁ ነገር ይኼ ነው። ዝርያዋ ለሽያጭ ከዱር እየተለቀመ ስለነበር ንግዱ ከ1985 ጀምሮ በዓለም አቀፍ ስምምነት ቁጥጥር ሥር ገብቷል። ከዱር የተለቀመች ታራንቱላ ርካሽ ብትሆንም አትግዙ።

ከዱር መልቀም ደግሞ የነጋዴ ሥራ ብቻ አይደለም። እዚሁ ኮሎራዶ፣ በደቡብ ምሥራቅ በላ ሁንታ ከተማ ዙሪያ፣ መስከረም ሲጠባ ቡናማ ታራንቱላዎች አመሻሹ ላይ መንገድ ያቋርጣሉ። ከዴንቨርና ከኦሮራ የሚሄዱ የእኛ ቤተሰቦችም አሉ፤ ልጆች እንዲያዩ ይዞ መሄድ መልካም ነው። ሰዉ ፍልሰት ይለዋል፤ የሚሄዱት ግን ሴት ፍለጋ የወጡ ወንዶች ናቸው። ወንዱ ለዚህ ጉዞ እስኪደርስ ዓመታትን ጉድጓድ ውስጥ አሳልፏል፤ አንዴ ከወጣ አይመለስም፣ ብርዱ ሲጠና ይሞታል። እሱን በፕላስቲክ ዕቃ ከትቶ ቤት የሚያመጣ ሰው ብዙ የማይቆይ እንስሳ ያገኛል፤ ሸረሪቱ ደግሞ ዕድሜውን ሙሉ ያደገለትን አንድ ጉዳይ ሳይፈጽም ይቀራል። መኪናችሁን አቁሙና ይለፍ፤ ፎቶ ካሻችሁ ከመሬቱ ላይ አንሡት።