ሒጃቧን እንደለበሰች ሜዳ የገባች እህት



ፍሬሽ ሆነን ፊዚካል ፊትነስ ስንወስድ የነበረውን እናስታውስ። የተግባር ክፍለ ጊዜ ሲደርስ ብዙ እህቶቻችን ወደ ሜዳው ጥግ ያፈገፍጉ ነበር። አንዷ «አሞኛል» ትላለች፤ ሌላዋ ረጅም ቀሚሷን ሰብስባ ከሁሉም ኋላ ትከተላለች። ኮርሱ ሲያልቅ ስፖርቱም አብሮ አለቀ። እኛም «ምን ይደረግ፣ ሒጃብና ስፖርት አይገናኙም» ብለን አለፍነው። ዛሬ ግን ይህ አባባል ልክ አልነበረም እንላለን። ማስረጃችንም እጅግ ጉልበት ከሚጠይቁት ስፖርቶች በአንዱ የተሰማራች እህት ናት።

ዘይነብ አሌማ ቤተሰቦቿ ከጋና የሆኑ የለንደን ልጅ ናት። የምትጫወተው ራግቢ ነው። በአገራችን ብዙም ስለማይዘወተር በአጭሩ እንግለጸው፦ ሞላላውን ኳስ በእጅ ይዞ እየሮጡ ከተጋጣሚ መስመር ማዶ መሬት ማስነካት ነው። በየቡድኑ 15 ተጫዋች ይሰለፋል፤ ጨዋታው 80 ደቂቃ ይፈጃል፤ ኳስ የያዘን ሰው አቅፎ መሬት ላይ መጣልም ይፈቀዳል። ዘይነብ ከዚህ ጨዋታ ጋር የተዋወቀችው በ14 ዓመቷ፣ በትምህርት ቤት የስፖርት ክፍለ ጊዜ ነው። ወደደችው። እየቆየም «ቡልዶዘር» የሚል ቅጽል ስም ወጣላት።

ፈተናዋ ጉልበት አልነበረም። በእንግሊዝ ከጨዋታ በኋላ ቡድኑ ተያይዞ ወደ መጠጥ ቤት መሄዱ የቆየ ልማድ ነው። የማይጠጣ ሰው ሜዳው ላይ ቦታ ቢኖረውም ከጓደኝነቱ ይጎድላል። በዚያ ላይ ጥቁር፣ ሙስሊምና ሒጃብ ለባሽ ሆና እሷን የምትመስል ተጫዋች አለማየቷ ብቸኝነት እንደፈጠረባት በአደባባይ ተናግራለች። ግን ሃይማኖቷንም ኳሷንም አልጣለችም። ሒጃቧን፣ ረጅም እጅጌዋንና ሙሉ ሱሪዋን ለብሳ ቀጠለች። የጨቅላ ሕፃናት ነርስ ሆነች፣ የሦስት ልጆች እናት ሆነች፣ አሁንም ተጫወተች። ሙስሊም ሴቶችን ወደ ራግቢ የሚያመጣ እንቅስቃሴም ጀመረች።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ እንበል። የዓለም ራግቢ የጨዋታ ሕግ፣ አደጋ እስካልፈጠረ ድረስ ሴቶች የራስ መሸፈኛና ረጅም ታይት እንዲለብሱ ይፈቅዳል። በእግር ኳስ ግን የኢራን ሴቶች ቡድን በ2011 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በራስ መሸፈኛው ምክንያት ከኦሎምፒክ ማጣሪያ ጨዋታ ታግዷል፤ በ2014 ደንቡ ሲሻሻል ያው ጨርቅ ተፈቀደ። ሒጃቡ አልተለወጠም፤ የተለወጠው ደንቡ ነው። ስለዚህ በሩን የሚዘጋው ሰው ነው፤ የሚከፍተውም ሰው ነው።

በግቢያችን በሩን የዘጋው ማን ነው? እውነቱን እንነጋገር። የጀመዓችን የወንድሞች የእግር ኳስ ውድድር በየዓመቱ ይካሄዳል። በዚያ ቀን የእህቶች ድርሻ ምግብ ማዘጋጀት ነው። «እናንተስ ምን ትፈልጋላችሁ?» ብለን ጠይቀናቸው አናውቅም። ይህ የሌላ ሰው ጥፋት አይደለም፤ የኛው ነው።

«ወንዶች በሚያዩት ሜዳ እንዴት ይሆናል?» የሚሉ አሉ። ስጋቱን አንንቀውም፤ ሐያእ የኢማናችን አካል ነው። ነገር ግን የዚህ መልሱ የተለየ ሰዓትና ቦታ ማመቻቸት እንጂ እህቶችን ከናካቴው ማስቀረት አይደለም። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ከዓኢሻ (ረ.ዐ) ጋር ሩጫ እንደተወዳደሩና በመጀመሪያው እሷ እንደቀደመቻቸው ሁላችንም ሰምተናል። ታሪኩን በደርስ ላይ ፈገግ ብለን አዳምጠን ስንወጣ ግን እህቶቻችንን ከሜዳ ዳር እንተዋቸዋለን።

ስለዚህ ሦስት ነገር እንጠይቃለን። አንደኛ፣ ጀመዓው የግቢው ጂም በሳምንት ሁለት ቀን፣ በሴት አሠልጣኝ፣ ለሴቶች ብቻ እንዲከፈት ለአስተዳደሩ በጽሑፍ ያመልክት፤ ይህ ሙስሊም ላልሆኑ እህቶችም ይጠቅማል። ሁለተኛ፣ ለፊዚካል ፊትነስ መምህራን ሰፊ ሱሪ፣ ረጅም እጅጌና ያለ መርፌ የሚታሰር ሒጃብ ለእንቅስቃሴ እንደሚመች ከሴሚስተሩ በፊት ቀርበን እናስረዳ። ሦስተኛ፣ በሚቀጥለው ውድድር እህቶች የራሳቸው ጨዋታ ይኑራቸው፤ ምግቡን ደግሞ ወንድሞች እንሥራ።

ዘይነብ የእንግሊዝን ብሔራዊ ቡድን ማሊያ መልበስ ሕልሟ እንደሆነ ተናግራለች። የኛ እህቶች ሕልም ምን እንደሆነ እስካሁን አናውቅም፤ መጀመሪያ ሜዳው ይከፈትላቸውና ራሳቸው ይንገሩን።

አላህ ያግራልን። ወሰላሙ ዐለይኩም።