እጅ የሚያቃጥል ሰዓትና የገዢው መብት



የእጅ ሰዓት ነገር በጋዜጣ ሊጻፍበት የሚገባ ቁም ነገር ነው ወይ የሚለኝ አንባቢ አይጠፋም። እኔም ከሁለት ወር በፊት ቢሆን ኖሮ እንደዚሁ ባልሁ ነበር። አሳቤን ያስለወጠኝ በአንድ ቢሮ አብራን በምትሠራ እኅታችን ላይ የደረሰው ጉዳት ነው።

ይህች ባልደረባችን እርምጃዋንና የልቧን ትርታ የሚቆጥርላትን፣ ስልክ ሲደወልም የሚያስታውቃትን ስማርት ዎች የሚሉትን ሰዓት ከአንድ ሱቅ ገዝታ ታስር ነበር። አንድ ቀን ከምሳ በኋላ መዝገብ ስታገላብጥ ድንገት ጮኻ ተነሣች። ሰዓቱን ፈትታ እስክትጥለው ድረስ የእጅ አንጓዋ ተቃጥሎ ውኃ ቋጠረ። ከመካከላችን አንዱ የጥርስ ሳሙና፣ ሌላው ቅቤ ፍለጋ ሮጠ። ደግነቱ ቀድሞ በጤና ጣቢያ የሠራች አንዲት ወይዘሮ ስለ ነበረች ሁላችንንም ከልክላ እጇን በቧንቧ ውኃ ሥር ሃያ ደቂቃ ያህል አስያዘቻት። ሐኪሙም በኋላ ትክክለኛው ይኸው ነው ብሎ መሰከረላት።

ታሪኩ በዚህ ቢያበቃ አልጽፍም ነበር። በማግሥቱ ሰዓቱን ይዛ ወደ ሱቁ ብትሄድ ባለሱቁ «ለአስመጪው አሳይቼ አስለውጥልሻለሁ» ብሎ ተቀበላት። ከሳምንት በኋላ ስትመለስ ሰዓቱ የለም፤ የቆያት «ውኃ አስነክተሽው ነው» የሚል መልስ ብቻ ነው። ደረሰኙን አውጥታ ብትመለከት የተጻፈበት «ልዩ ልዩ ዕቃ» የሚል ሆኖ ተገኘ። እንግዲህ ጠባሳው አለ፤ ጠባሳውን ያመጣው ዕቃ ግን የለም፤ ባለሱቁ የሸጠው ምን እንደ ሆነም በወረቀት አይታወቅም። በመዝገብ ቤት ያረጀን ሰዎች ወረቀት የሌለው ጉዳይ የት እንደሚደርስ እናውቃለን።

በመጀመሪያ ነገሩ የእርሷ ክፉ ዕድል ብቻ መስሎኝ ነበር። ስመረምረው ግን በሠለጠነው ዓለምም የደረሰ ነገር ነው። ፊትቢት የሚባለው የአሜሪካ ኩባንያ አዮኒክ የሚል ስም የሰጠውን ሰዓት ከ2010 ዓ.ም. መጀመሪያ አንሥቶ ሸጧል። የካቲት 23 ቀን 2014 ዓ.ም. የአሜሪካ የሸማቾች ዕቃዎች ደኅንነት ኮሚሽንና ኩባንያው ሰዓቱ ከገበያ እንዲሰበሰብ አስታወቁ። በአሜሪካ የተሸጠው አንድ ሚሊዮን ያህል፣ በሌሎች አገሮች ደግሞ 693 ሺህ ያህል ነበር። በአሜሪካ ብቻ ባትሪው ከመጠን በላይ ስለ መጋሉ 115 ሪፖርቶች ቀርበው፣ በ78ቱ ሰው መቃጠሉ ተገልጿል። ሰዓቱን ለመለሰ ሁሉ 299 ዶላር እንዲከፈለው ተወሰነ።

ከዚህ ይልቅ ያስገረመኝ ቀጥሎ የመጣው ነው። በዚያ አገር ሕግ አንድ ኩባንያ ዕቃው ሰው እንደሚጎዳ የሚያሳይ ማስረጃ ሲደርሰው በ24 ሰዓት ውስጥ ለኮሚሽኑ ማመልከት አለበት። ኮሚሽኑ ግን ኩባንያው ከ2018 እስከ 2020 እ.ኤ.አ. ብዙ ሪፖርት እየደረሰው ወዲያው አላመለከተም ሲል ከሰሰው። በጥር 2017 ዓ.ም. ኩባንያው 12 ሚሊዮን ከ250 ሺህ ዶላር ቅጣት ለመክፈል ተስማማ። ልብ ይባል፤ ቅጣቱ የተጣለው በመዘግየቱ ነው እንጂ በማቃጠሉ አይደለም።

የቃጠሎው ምክንያት ባትሪው ነው። በሊቲየም ባትሪ ውስጥ ሁለቱን ወገኖች የሚለይ ስስ ገለፈት አለ። ይህ ገለፈት ሲበሳ ወይም ከፋብሪካው ጉድለት ሲኖርበት ኤሌክትሪኩ በአቋራጭ ያልፋል፤ ሙቀቱም ሌላ ሙቀት እየወለደ ይሄዳል። ስልክ ቢግል ጠረጴዛ ላይ ይጣላል፤ ሰዓት ግን በዘለበት ከሥጋ ጋር የታሰረ ነው። ደግሞም ለመቃጠል የግድ እሳት አያስፈልግም። ሞሪትዝና ሄንሪክስ የተባሉ ተመራማሪዎች በ1947 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት 44 ዲግሪ ሙቀት እንኳ ስድስት ሰዓት ያህል ቆዳ ላይ ከቆየ እንደሚያቃጥል አሳይተዋል። ሰዓቱን አስረው የሚተኙ ይህን ቢያውቁ መልካም ነው። እርግጥ ከማሰሪያው ሥር የሚታይ መቅላት ሁሉ ቃጠሎ አይደለም፤ ላብና ሳሙናም ቆዳን ያስቆጣሉ።

በአገራችን ለዚህ ሕግ የለም የሚሉ ተሳስተዋል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2085፣ ለትርፍ ዕቃ ሠርቶ ለሕዝብ የሚያቀርብ ሰው ዕቃው በደንበኛው አኳኋን ሲሠራበት ለሚያደርሰው ጉዳት ኀላፊ መሆኑን ደንግጓል። ቁጥሩ የተቀመጠው ጥፋት ሳይኖር ስለሚመጣ ኀላፊነት በሚናገረው ክፍል ስለ ሆነ፣ ተጎጂው የፋብሪካውን ቸልተኝነት ማስረዳት አይጠበቅበትም። የካሊፎርኒያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ግሪንማን በተባለው ጉዳይ ወደዚህ አሳብ የደረሰው በ1963 እ.ኤ.አ. ስለ ነበር የእኛ ሕግ ቀድሞታል፤ ይህን ሳነብ ትንሽ ኩራት አልተሰማኝም ብል ዋሸሁ። ጉድለቱ በተለመደው ምርመራ ሊታወቅ የሚችል ከሆነ ግን ኀላፊነቱ ይቀራል። የተዘጋ ባትሪ ውስጥ ያለውን ጉድለት ግን ማን ገዢ ሊያይ ይችላል?

ችግሩ ፋብሪካው ያለው ባሕር ማዶ መሆኑ ነው። ከቢሮ ጸሓፊ ደመወዝ ተቆርጦ ለዚያ ክስ የሚበቃ ገንዘብ አይገኝም። ስለዚህ በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ተጎጂው ከአምራቹ ጀምሮ አስመጪውን፣ ጅምላ ሻጩንና ቸርቻሪውን በአንድነት ወይም በተናጠል ካሣ እንዲጠይቅ መፍቀዱ እጅግ የሚጠቅም ነው። አንዳንድ ነጋዴዎች «እኛም የታሸገ ዕቃ ነው የተቀበልነው» ይላሉ። እውነት ነው፤ ነገር ግን ፋብሪካውን የሚያውቀውና ከሽያጩ ያተረፈው ማነው? ገዢዋ አይደለችም።

ጊዜ ደግሞ አይጠብቅም። ጉዳት የደረሰበት ሰው ክሱን ማቅረብ ያለበት ጉዳቱ ከደረሰበት ቀን ጀምሮ በሁለት ዓመት ውስጥ እንደ ሆነ የፍትሐ ብሔሩ ሕግ በቁጥር 2143 ይናገራል። በሽያጩ ውል በኩል ለሚጠይቅ ደግሞ ጉድለቱን ለሻጩ ሳይዘገይ ማስታወቅ፣ ካስታወቀም በኋላ በአንድ ዓመት ውስጥ መክሰስ ያስፈልጋል። ከሁሉ በላይ ግን የተቃጠለውን ሰዓት ለማንም አለመስጠት ነው። ዳግመኛ ቻርጅ ሳያደርጉ፣ እሳት ከማይነካው ቦታ ማስቀመጥ፣ ፎቶ ግራፍ ማንሣት፣ የሐኪም ማስረጃ በዚያው ቀን መቀበል ይገባል። ባልደረባችን ከነዚህ የያዘችው የሐኪሙን ወረቀት ብቻ ነው።

ሌላም የሚያሳስበኝ አለ። ብዙዎቻችን ይህን ሰዓት የምናገኘው ከውጭ አገር ዘመድ በስጦታ ነው። እዚያ ዕቃው እንዲሰበሰብ ሲታወጅ ገንዘቡ የሚመለሰው ማስታወቂያውን ላነበበው ነው፤ ለወንድሙ የላከው ሰውማ ረስቶታል። እኔም የዋሽንግተኑ አማቼ የላከልኝን ሰዓት አገላብጬ በጀርባው ኤፍ ቢ 503 የሚል የአዮኒክ ቁጥር እንዳለበት ፈለግሁ። ሌላ ዓይነት ሆኖ አገኘሁት፤ ቢሆንም ማታ ማታ መፍታት ጀምሬአለሁ።

ስለዚህ የንግድና ቀጣናዊ ትስስር ሚኒስቴር ከውጭ አገር ገበያ የሚሰበሰቡትን ዕቃዎች ስምና ቁጥር በዚሁ ጋዜጣና በሬዲዮ ቢያወጣልን፣ ደረሰኝም «ልዩ ልዩ ዕቃ» ሳይሆን የዕቃውን ዓይነትና ቁጥር እንዲይዝ ቢያስገድድልን ብዙ ወጪ የሚጠይቅ አይመስለኝም።

ባልደረባችን አቤቱታዋን በዚህ ሳምንት ታስገባለች። ሰዓቱ ሲያቃጥላት ያየን አራት ሰዎች የምስክርነት ቃላችንን ጽፈን ፈርመንላታል።

አንድ የመንግሥት ሠራተኛ
ከአዲስ አበባ