ዩዝድ ግዛ ያልኩት እኔ ነኝ

ባለፈው ሳምንት አንድ የቀድሞ ተማሪዬ ደወለልኝ። «ቲቸር፣ ያ ሞኒተር ጠፋ።» ደንግጬ «ተሰረቀ?» አልኩት። «ኧረ አይ፣ በራ ጠፋ፣ በራ ጠፋ ሲል ሰንብቶ ዛሬ ጭራሽ አልበራም አለ።» ከተገዛ ገና 9 ቀኑ ነው። ልጁ የግራፊክስ ሥራ እየጀመረ ነው፤ ትንሽ ላፕቶፕ ላይ አፍጥጦ ሲውል አይቼ «አዲስ እስክትገዛ አትጠብቅ፣ ዩዝድ ግዛ» ብዬ የመከርኩት እኔው ነኝ። ስለዚህ የዚህን ጽሑፍ ግማሹን እንደ ይቅርታ ቁጠሩልኝ።

ምክሬን ግን አልቀይርም። ይህን የምጽፍላችሁ ራሱ ዩዝድ ሞኒተር ፊት ቁጭ ብዬ ነው፤ ጀርባው ላይ ያለው ወረቀት በፈረንጆቹ 2015 መመረቱን ይናገራል። ውጭ አገር ያሉ ትልልቅ መሥሪያ ቤቶች ኮምፒውተሮቻቸውን ጥቂት ዓመት ተጠቅመው በጅምላ ይቀይራሉ፤ ዕቃው ብዙ ዕድሜ ይቀረዋል። ለቢሮ ተብሎ የተሠራ የዴል ወይም የኤችፒ ሞኒተር፣ ስሙን ሰምታችሁት ከማታውቁት «አዲስ» ይሻላል ባይ ነኝ።

ችግሩ ያለው ቃሉ ላይ ነው። ሪፈርቢሽድ ማለት ባለሙያ ከፍቶ የፈተሸው፣ የደከመውን ክፍል የቀየረለት፣ «ለዚህን ያህል ወር እኔ አለሁበት» ብሎ የፈረመበት ዕቃ ነው። እኛ ጋ ግን ስክሪኑ ተወልውሎ፣ አዲስ ላስቲክ ተለጥፎበት ካርቶን ውስጥ ከገባ ሪፈርቢሽድ ሆነ ማለት ነው። ደፈር ያለው ሻጭ ደግሞ «ፓክድ ነው፣ አዲስ ነው» ይላችኋል። ተማሪዬም የተባለው እንደዚያ ነው።

ሊመልስ ሲሄድ ግድግዳው ላይ ያለውን ጽሑፍ አሳዩት፦ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም»። ይህን ጽሑፍ ከማየት ብዛት ሕግ መስሎናል። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ግን ሌላ ነው የሚለው። ዕቃው ያገለገለ ወይም የታደሰ መሆኑን በትክክል አለመግለጽ ክልክል ነው። ጉድለት ያገኘ ገዢም በ15 ቀን ውስጥ ይቀየርልኝ ወይም ገንዘቤ ይመለስልኝ ማለት ይችላል።

ይህን ነግሬው ሳበቃ «ደረሰኝህስ?» አልኩት። ዝም አለ። «በደረሰኝ ከሆነ ቫት አለው» ሲሉት 15 በመቶውን ለማትረፍ ያለ ደረሰኝ ወስዷል። አልተቆጣሁትም፤ እኔስ ስንቴ አድርጌዋለሁ! ግን አስቡት፣ ያቺን 15 በመቶ ለማትረፍ ብለን 15 ቀናችንን ሸጠናል።

ሰሞኑን ልትገዙ ያሰባችሁ፣ ሻጩ በሚያሳያችሁ የሚያብረቀርቅ ቪዲዮ አትሸወዱ። ሙሉ ነጭ፣ ሙሉ ጥቁር፣ ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ምስል በፍላሽ ይዛችሁ ሂዱ። ነጩ ላይ ቢጫነትና ጥላ፣ ጥቁሩ ላይ ከዳር የሚያፈስ ብርሃን፣ ቀለሞቹ ላይ የሞተ ነጥብ ካለ ይታያል። ዋናው ግን ይሄ ነው፦ ሞኒተሩን ቀዝቅዞ እያለ ራሳችሁ አብሩት። የተማሪዬ ዓይነት ችግር፣ ማለትም ፓወር ቦርዱ ላይ ካፓሲተር ሲያብጥ፣ ብዙ ጊዜ የሚያስቸግረው ከቅዝቃዜ ሲነሳ ነው፤ ሻጩ ቀድሞ አብርቶ ካሞቀው አታዩትም። ከዚያ ግማሽ ሰዓት በርቶ ይቆይ። በግማሽ ሰዓት የሚነጫነጭ ሻጭ ከሳምንት በኋላ ስልካችሁን የሚያነሳ ይመስላችኋል? የኬብል መሰኪያውንም እዩ፤ ቪጂኤ ብቻ ከሆነ ለአዲስ ላፕቶፕ መቀየሪያ ያስፈልገዋል።

ሞኒተሩ እንኳ አልሞተም። አንድ ጠጋኝ ከፍቶ ያበጡ ሁለት ካፓሲተሮች ቀየረለት፤ ይኸው እየሠራበት ነው። ሻጩ ይህችን ሥራ ከመሸጡ በፊት ሠርቷት ቢሆን ኖሮ፣ ሪፈርቢሽድ ነው ሲል እኔም አብሬው እምል ነበር። የጠጋኙን አድራሻ የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ እናንተም የምታውቁት ታማኝ ሰው ካለ ጠቁሙኝ፣ የእኔም ሞኒተር ሰሞኑን ጠዋት ጠዋት መለገም ጀምሯል።