ኮከብ ሲወድቅ ማን ይሞታል?

ባለፈው ሳምንት አንዲት የአራተኛ ክፍል ተማሪያችን ከክፍል ስንወጣ ጠብቃ «ቲቸር፣ ኮከብ ሲወድቅ ሰው ይሞታል የሚባለው እውነት ነው?» ስትል ጠየቀችን። ማታ ደጅ ቆማ ኮከብ ተወርውሮ ሲጠፋ አይታለች። አባቷ ካርቱም ቀርቷል። ጦርነቱ ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ከተነሣ ወዲህ ድምፁን የሰማችው ሁለት ጊዜ ብቻ ነው። እኛም ልጆች ሳለን ይህንኑ ከአያቶቻችን ሰምተን ነው ያደግነው። እንግዲህ የዛሬው ዓምዳችን ለእሷ መልስ ይሁን።

በመጀመሪያ፣ የሚወረወረው ኮከብ አይደለም። ኮከብ ማለት እንደ ፀሐያችን ያለ እጅግ ግዙፍ የጋለ ጋዝ ነው። እሱ ቢወድቅማ ማን ተርፎ ያወራው ነበር? ልጅቷ ያየችው አብዛኛውን ጊዜ የአሸዋ ቅንጣት የምታህል ነገር ናት። በከፍተኛ ፍጥነት አየራችን ውስጥ ስትገባ ግላ ታበራለች፣ ወዲያው ትጠፋለች።

አልፎ አልፎ ግን ተለቅ ያለ ይመጣል። ይህ ደግሞ እዚሁ ሱዳን ውስጥ ሆኗል። መስከረም 26 ቀን 2001 ዓ.ም. (በፈረንጅ ኦክቶበር 6 ቀን 2008) ሪቻርድ ኮዋልስኪ የተባለ አሜሪካዊ በአሪዞና በቴሌስኮፕ ሰማይ ሲቃኝ 4 ሜትር ያህል ስፋት ያላት አለት ወደ ምድር ስትመጣ አገኘ። ከ20 ሰዓት ያህል በኋላ፣ በማግስቱ ንጋት ላይ፣ ከሰሜን ሱዳን በረሃ በላይ 37 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ፈነዳች። ከመውደቋ በፊት መምጣቷ የታወቀ የመጀመሪያዋ የሰማይ አለት እሷ ናት።

በኅዳር ወር የካርቱም ዩኒቨርሲቲው መምህር ሙአዊያ ሻዳድ ከፒተር ጄኒስከንስ ጋር ሆነው 45 ያህል ተማሪዎችና ሠራተኞች ይዘው ወደ በረሃው ወረዱ። ጎን ለጎን ተሰልፈው፣ ዓይናቸውን መሬት ላይ ተክለው በእግራቸው ፈለጉ። በመጀመሪያው ፍለጋ 15 ጥቋቁር ቁርጥራጮች ተገኙ፤ በኋላ በመቶ የሚቆጠሩ። ስማቸውም ከዋዲ ሃልፋ ወደ ካርቱም በሚወስደው የባቡር መስመር ላይ ባለችው ጣቢያ «አልመሐጣ ሲታ» ተባለ፤ ስድስተኛው ጣቢያ ማለት ነው።

እነዚህ ድንጋዮች የፀሐይ ቤተሰብ ሲመሠረት የተረፉ ፍርፋሪዎች ናቸው። የዛሬ 4.6 ቢሊዮን ዓመት ገደማ አንድ የጋዝና የአቧራ ደመና በራሱ ስበት ወደ ውስጥ ተሰበሰበ። መሐሉ እየታመቀ፣ እየጋለ ሄደና ሃይድሮጅን ወደ ሂሊየም መለወጥ ጀመረ፤ ፀሐይ በራች። በዙሪያዋ ከቀረው ምድርና ሌሎቹ ፕላኔቶች ተሠሩ። አልመሐጣ ሲታም አድጎ ሳይጨርስ ከተሰባበረ ትንሽ ዓለም የመጣ ነው፤ ውስጡ ጥቃቅን አልማዝ ተገኝቶበታል።

ኮከብ ዛሬም ይወለዳል። በታኅሣሥ ማታ ወደ ምሥራቅ ተመልከቱ። በአንድ መስመር የቆሙ ሦስት ኮከቦች ታያላችሁ። ከእነሱ በስተቀኝ ጭጋግ የመሰለ ነገር አለ፤ አዳዲስ ኮከቦች የሚፈጠሩበት ደመና ነው። ካርቱም ሳለን የከተማው መብራት ይህን ጋርዶብን ነበር። እዚህ መብራት የለንም፤ ሰማዩ ግን ሙሉ ነው። ልጆቻችሁን ይዛችሁ ውጡ።

ለተማሪያችንም እንዲህ አልናት፦ ልጄ፣ ያየሽው የአሸዋ ቅንጣት ነው፤ ስለ አባትሽ ምንም አልነገረሽም። የእሱን ወሬ የምንሰማው ከስልክ እንጂ ከሰማይ አይደለም።

ቸር ወሬ ያሰማን።